የእጅ ጽሑፍና የእጅ ስልክ

አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሰው ሁለት ወገን ሆኖ ይከራከራል። አንደኛው ወገን «አሮጌውን እንጣል» ይላል፤ ሁለተኛው «አሮጌው ይሻለናል» ይላል። ሁለቱም ስለ ዕቃው የሚናገሩ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው የክርክሩ ሥር ሌላ ቦታ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ይኸውም ሰው ለሰው ያለበት ግዴታ ነው። ይህች ጽሑፍም የምትመረምረው ይህንኑ ነው።

የክርክሩ መነሻ በካምፑ ውስጥ የታወቀ ነው። ይህ መጽሔታችን በእጅ ይጻፋል፤ በእጅ ይገለበጣል፤ ከመጠለያ ወደ መጠለያም በእጅ ይተላለፋል። ወጣቶቻችን «ለምን?» ሲሉ ጠይቀዋል። «አንድ ሰው በስልኩ ቢጽፈው ሌላው በቴሌግራም በደቂቃ ያገኘዋል። ወረቀት አይፈጅም፤ እስክሪብቶ አያልቅም፤ ዝናብ አያበሰብሰውም። ጎንደርና ካናዳ ያለው ዘመዳችንም ያነበዋል» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «የስልክ ነገር የዛሬ ነው፤ ወረቀት ግን ይቆያል» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ከፊል እውነት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሐሰት የበለጠ ያሳስታል፤ የያዘው ሰው ሙሉውን የያዘ ይመስለዋልና።

በመጀመሪያ አሮጌ ዕቃን ስለሚወዱት እንናገር፤ እኛም ከእነርሱ መካከል ነንና። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ ሰዎች ልጅነታችን ያለፈው በካሴትና በሬዲዮ ነው። የካሴቱ ክር ተጎልጉሎ ሲወጣ በቢክ እስክሪብቶ እያዞርን እንመልሰው ነበር። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ለዜና ሰዓት የምትበቃ ጉልበት እናገኝበት ነበር። ባለ ቁልፉ የኖኪያ ስልክ ሲመጣም ክዳኑ በጥፍር ይከፈት፣ ባትሪው ይወጣ፣ በሌላ ይለወጥ ነበር። የዛሬው ስልክ ግን ጀርባው በሙጫ የታሸገ ነው። ጠጋኙ ሙጫውን በሙቀት አላልቶ ቢከፍተው እንኳ የዚያው ዓይነት ባትሪ ካልተገኘ ስልኩ ጎኑ እንደ ተከፈተ ሬሳ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ በአሮጌው ዕቃ የምንወደው እርጅናውን ነውን? አይደለም። የምንወደው ለእጃችን የሚከፈት መሆኑን ነው። አንድን መሣሪያ ከፍቶ መጠገን የሚችል ሰው የዚያ መሣሪያ ጌታ ነው። መክፈት የማይችል ግን ሙሉ ዋጋውን ከፍሎም ቢሆን በገዛ ዕቃው ላይ እንግዳ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትዝታ ሚዛን ያዛባል። ሬዲዮው ይናገር ነበር እንጂ አይሰማንም ነበር። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ በየቅጂው ድምፁ እየደበዘዘ ይሄድ ነበር። በዚያ ባለ ቁልፍ ስልክም ብዙዎቻችን ለእናታችን «እንደምን አለሽ» ብለን በገዛ ፊደላችን መጻፍ አንችልም ነበር። በላቲን ፊደል እየጻፍን፣ አንባቢውም እየገመተ እንግባባ ነበር። አሮጌ ሁሉ ደግ አልነበረም።

የፊደላችን ነገር ከተነሣ ዘንድ ጥቂት እንቆይበት፤ ለጥያቄያችን ጥሩ መምህር ነውና። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ኢንጂነር አያና ብሩ በፈረንጅ ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲሆን አድርገው አሰናድተው ነበር። ችግሩ የታወቀ ነው፤ የመኪናው ቁልፎች ከሃምሳ ያነሱ ሲሆኑ የፊደል ገበታችን ግን ሰባት ጊዜ ሠላሳ ሦስት፣ ማለት 231 ነው። ስለዚህ ፊደሉ እየተቆራረጠ፣ እግሩና ቀለበቱ ለብቻ እየተመታ ይቀጠል ጀመር። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው እነዚያን እንደ ተሰበረ አጥንት የተገጣጠሙ ፊደሎች ያስታውሳቸዋል። ቆየት ብሎም «መኪናው ከፊደሉ ጋር ካልተስማማ ፊደሉን እንቀንስ» የሚሉ ምሁራን ተነሡ፤ ሌሎችም ተቃወሟቸው። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ዘለቀ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ የምግባር ጥያቄ አለ። መሣሪያና ሰው ሳይስማሙ ሲቀሩ መለወጥ ያለበት ማነው? የቀንሱ ባዮቹ ሐሳብ የሞኝነት አልነበረም። ሕፃናት ቶሎ ማንበብ እንዲችሉ፣ የሥራ ጉዳይ እንዲፋጠን አስበው ነው። ይሁን እንጂ ጊዜው የፈረደው በተቃራኒው ነው። መኪናው አረጀና ተጣለ፤ ፊደሉ ግን አለ። ፊደሉን ለመኪናው ብለን ቆርጠን ቢሆን ኖሮ መኪናው ከሄደ በኋላ ቁራጩ ይቀርልን ነበር።

ኮምፕዩተር ሲመጣ ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ ተመለሰ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችን በኮምፕዩተር እንዲጻፍ ደከሙ። ከእነርሱም በኋላ ብዙ ዓይነት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ወጣ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ እንከን ነበረበት፤ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ በገዛ ደስታው ይደለድለው ነበር። አንዱ «ሀ»ን በአንድ ወንበር ሲያስቀምጠው ሌላው በሌላ ያስቀምጠዋል። ስለዚህም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፈ ስንት መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ግጥም፣ ስንት የዕድር መዝገብ በዲስኬት ላይ ተቀምጦ ዛሬ የሚያነበው አጥቷል! ወረቀቱ አልተቀደደም፤ ቀለሙ አልጠፋም፤ ቁልፉ ብቻ ጠፋ።

ይህን ያዳነው ምንድን ነው? የበለጠ ፈጣን መኪና አይደለም፤ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል 345 ምልክት ይዞ አስገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ ቁጥር አለው። «ሀ» 4608 ነው፤ «ሁ» 4609 ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተመድቧልና «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። ቁጥሩን የትኛውም ነጋዴ ብቻውን አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ መልክ አብሮ ይዞ ወጣ፤ በኋላም ፊደላችን በየስልኩ ገባ። ዛሬ ባሱንዳ ውስጥ በቴክኖ ስልክ የተጻፈ «ሰላም» ቶሮንቶ ላይ በሌላ ስልክ ሲከፈት ያው «ሰላም» ነው። ይህን የሚያደርገው ብረቱ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው «ይህ ፊደል ይህ ቁጥር ይሁን፤ አንለውጠውም» መባባላቸው ነው።

ፍርዱ ግን ፍጹም አልሆነም። በስልክ የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት 1120 ነጠላ ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ምልክት ያልነው የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው። የላቲን ፊደል ሰባት ምልክት ሲበቃው የኛ 16 ይፈልጋል። ስለዚህም ፈረንጁ በአንድ መልእክት 160 ፊደል ሲጽፍ እኛ 70 እንጽፋለን። እርግጥ የኛ አንድ ፊደል ድምፁንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ «ሰላም» በሦስት ፊደል ያልቃል፤ በላቲን ግን አምስት ነው። ቢሆንም ሕጉ ሲወጣ በስብሰባው ያልነበረ ሰው ሁልጊዜ ጥቂት ይበልጥ እንዲከፍል ይደረጋል። ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ በኋላ ስለ ራሳችን ካምፕ ስንናገር ይመለሳልና።

አሁን ደግሞ «ወረቀት ይቆያል» ወደሚሉት ሽማግሌዎች እንመለስ። ዐድዋ አካባቢ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በሳይንስ ሲመረመሩ ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። እነሆ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ መጽሐፍ! ነገር ግን ብራናው በራሱ ኃይል አልቆየም። እያደር የሚጠብቀው፣ ከእሳትና ከዘራፊ የሚሸሽገው፣ ሲያረጅ የሚጠግነው ማኅበር ስለነበረ ነው። ጠባቂ ሲሸነፍ ብራናም ይሰደዳል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው መካከል 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እንግሊዝ አገር ባለው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ቀርተዋል። ስለዚህ «ወረቀት ይቆያል» ማለት ግማሹን ብቻ መናገር ነው። ሙሉው ነገር «ሰው ከጠበቀው ይቆያል» የሚለው ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ ምስጥ፣ የክረምት ጎርፍና ምድጃ ወረቀትን እንዴት እንደሚያደርጉት ሁላችንም እናውቃለን።

ወጣቶቻችንም እንደዚሁ ግማሹን ይናገራሉ። ስልክ እንደ ልብ የሚሠራው መረቡ ሲኖር ነው፤ መረቡን የያዘው ደግሞ የኛ እጅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በአገራችን የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ዘለቀ፤ ዘመድ የዘመዱን መሞት ከቀብር በኋላ ሰማ። በተጠለልንበት በሱዳንም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአገሪቱ የስልክ መረብ አብዛኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸጥ አለ። በእነዚያ ቀኖች ከመጠለያ ወደ መጠለያ ወሬ ያደረሰው እግርና ወረቀት ነበር። መረብን የሚዘጉት ሰዎች እየተፈራረቁ ይለዋወጣሉ፤ መዘጋቱ ግን አልተለወጠም።

ከመረቡም ሌላ የቁልፉ ነገር አለ። በመካከላችን ባሏ ያረፈባት እናት አለች። ስልኩ በእጇ ነው፤ በውስጡም የልጆቿ የጥምቀት ፎቶግራፍና በመንገድ የቀሩ ዘመዶች ስም አለ። ስልኩን የሚከፍተው የምስጢር ቁጥር ግን ከሟቹ ጋር ተቀብሯል። ጠጋኙ «ውስጡ ያለውን ደምስሼ ስልኩን አድንልሻለሁ» አላት። እርሷ ደግሞ የፈለገችው ስልኩን ሳይሆን ውስጡን ነበር። ደብተር ቢሆን ኖሮ ማንበብ የማትችለው እናት ለልጇ ሰጥታ ታስነብበው ነበር። እኛ በዚህ ካምፕ የሞቱብንን ሰዎች ስምና የተቀበሩበትን ቦታ የጻፍነው የት ነው? ብዙው በየሰው ስልክ ውስጥ ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ውኃ ይገባበታል፤ ማሽላ ለመግዛት ይሸጣል። ያ ስም ከጠፋ ሁለተኛ ሞት ነው፤ የዚህ ሞት ተጠያቂ ደግሞ ጦርነቱ ሳይሆን እኛ ነን።

ሦስተኛው ነገር የእንጀራ ነገር ነው። ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት በዚህ አገር ገበያው በባንካክ ይገበያያል። ስማርት ስልክና የባንክ ሒሳብ ያለው በጣቱ ነክቶ ይገዛል። የሌለው በሰው ሒሳብ ያስልካል፤ ለላከለትም ይከፍላል። ፕሮግራሙ ለብዙ ሰው መዳኛ መሆኑን አንክድም፤ ያለ እርሱ ከውጭ የሚላክልን ብር ባልደረሰን ነበር። ግን ልብ እንበል፤ አንድ መሣሪያ ጥቂቶች ሲይዙት ምቾት ነው፤ ብዙዎች ሲይዙት ልማድ ነው፤ ሁሉም ነገር በእርሱ ሲሆን ደግሞ በር ነው። በር ሲሆን የሌለው ሰው ውጭ ይቀራል። መጽሔታችንም ወደ ስልክ ብቻ ቢዛወር በሩ ይሆናል። ውጭ የሚቀሩትም እነማን እንደሆኑ ስማቸውን መጥራት እንችላለን፦ ዓይናቸው የደከመ አባቶች፣ ስልካቸውን የሸጡ ሴቶች፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄደው ለሳምንታት ቻርጅ የማያገኙ ወጣቶች።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ከአንድ ፈተና እንጠብቅ። ችግርን ጽድቅ አድርጎ ማቅረብ ደካማ ልማድ ነው። በእጅ የምንጽፈው በእጅ መጻፍ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ማተሚያ ስለሌለን ነው። ከእኛ በፊትም እንዲህ ነበር። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ማባዣ መኪና በተገኘ ጊዜ ግን ማንም «የእጁ ጽሑፍ ይሻላል» ብሎ አልቀረም። እኛም ነገ ማተሚያ ብናገኝ ደስ ብሎን እንቀበላለን። ጥያቄው «ከጉድለታችን የተማርነው ምንድን ነው? አዲሱን ስንይዝስ የትኛውን እንዳንጥል?» የሚለው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

በእጅ ከመገልበጥ የተማርነው ይህ ነው። ገልባጩ ቃል በቃል ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ ሳይገባው ያለፈውን ቃል እጁ ያስቆመዋል። በስልክ ግን ሰው ያላነበበውን ለመቶ ሰው ይልካል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ስንት ሐሰተኛ ወሬ፣ ስንት የጥላቻ ቃል ሳይነበብ ተላልፎ ቤት አቃጠለ? በእጁ ሦስት ገጽ የስድብ ጽሑፍ እንዲገለብጥ የተጠየቀ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ «ይህን ለምን እጽፋለሁ?» ይላል። ድካሙ በራሱ ዳኛ ነው። ሌላም አለ። ቅጂው ጥቂት በመሆኑ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አሥሩ ያዳምጣሉ፤ ማንበብ የማይችለውም ይከራከራል። ስልክ ግን እያንዳንዱን ለብቻው አንገቱን ያስደፋዋል።

ወጣቶቹ ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ትክክል ነው። «ስልክም ጮክ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ወረቀትም ለብቻ ተደብቆ ሊነበብ ይችላል» ይላሉ። እውነት ነው። ልማዱ በዕቃው ውስጥ አልተቀረጸም። ነገር ግን ዕቃው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ቁልቁለት እንደሚጎትት ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ የሚሄድ ሰው የግድ አይወድቅም፤ ለመቆም ግን አስቦ መርገጥ አለበት። ከመሣሪያ ጋር ያለን ግዴታ ይህ ብቻ ነው፤ አስቦ መርገጥ።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ማንኛውንም መሣሪያ፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ የምንመዝንባቸው ሦስት ጥያቄዎች አግኝተናል። አንደኛ፣ መሣሪያው የሌለው ሰው በምን ይገባል? ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ወይም ሲዘጋ በገዛ እጃችን ምን ማድረግ እንችላለን? ሦስተኛ፣ እኛ ከሄድን በኋላ የሚመጣው ሰው ያለ እኛ ሊከፍተው ይችላልን? የጽሕፈት መኪናው በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ፊደላችን ራሱ ሙሉ ሆኖ አልገባበትምና። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች በሦስተኛው ወደቁ። የተቆለፈው ስልክ በሦስቱም ይወድቃል። ወረቀታችንም ቢሆን በአንድ መጠለያ ብቻ ከተቀመጠ በሦስተኛው ይወድቃል። የሚያድነው፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ለመጽሔቱ ኮሚቴና ለአንባቢያን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጽሑፉ እንደ ወትሮው በእጅ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ፎቶ አንሥተው ወደ ፈለጉት አገር ይላኩት። መረብ ቢዘጋ ወረቀቱ አለ፤ ወረቀቱ ቢቃጠል ፎቶው አለ። የሙታኖቻችንና የልደት መዝገብ ግን በስልክ ብቻ እንዳይቀር ሦስት ደብተር ተገዝቶ በሦስት የተለያዩ መጠለያዎች ይቀመጥ፤ በየወሩም አንዱ ከሌላው ይተያይ። በስልኩ ስም የያዘ ሁሉ መጥቶ ያስመዝግብ። ስልክ ያለው ሰውም የምስጢር ቁጥሩን ለሚያምነው አንድ ሰው ይንገር፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥምና። በመጨረሻም ይህን ሥርዓት የሚወስነው ስብሰባ ላይ ስልክ የሌላቸውና ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ይገኙ። ሰባ ፊደል የተሰጠን በስብሰባው ስላልነበርን ነው፤ እኛ ደግሞ በተራችን ሌላውን እንዲህ ልናደርገው አይገባም።

ወጣቶቹ «ይህ ሁለት ጊዜ መድከም ነው» ቢሉ አንቃወማቸውም፤ እርግጥ ነው ሁለት ጊዜ መድከም ነው። አንዱ ድካም በሩቅ ላለው ዘመዳችን ነው፤ ሌላው ከጎናችን ለተቀመጠው ጎረቤታችን ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንተው?

የደብተሩ ምዝገባ ሐሳብ በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይቀርባል። ይህ ቅጂ እጃችሁ የገባ አንባቢያን፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል አንድ ጎረቤት አንብቡለትና ወደሚቀጥለው መጠለያ አሳልፉት።